አልገባ ያለው ቡሽ፦ መዶሻና ሞረድ ከማንሳትዎ በፊት

ጥያቄው፦ «2004 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ኮብልስቶን ላይ ስነዳ ከፊት በኩል ይንኳኳል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። መካኒክ አይቶ የታችኛው ክንድ ቡሾች አልቀዋል ስላለኝ አዲስ ገዝቼ ክንዱን ግቢዬ ውስጥ ፈታሁት። አሮጌው ላስቲክ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ወጣ፤ አዲሱ ግን አልገባ አለኝ። በመዶሻ ስመታው ጠርዙ መቆልመም ጀመረ። አንዱ ጎረቤቴ ዙሪያውን በሞረድ ቀንሰው ይለኛል፤ ሌላው ግራሶ ቀብተህ ክንዱን በእሳት አሙቀው ይላል። የማንን ልስማ?»

ሞረዱንም እሳቱንም ለጊዜው ያቆዩአቸው። በጥያቄዎ መካከል የተናገሯት አንዲት ነገር ከሁሉም በላይ አሳስባኛለች፦ አሮጌው «ላስቲክ» ተፈልቅቆ ወጣ ብለዋል። የወጣው ላስቲኩ ብቻ ከሆነ አዲሱ ቡሽ የማይገባበት ምክንያት እዚያው ክንዱ ውስጥ ተቀምጧል።

የታችኛው ክንድ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው፤ ቡሽ ደግሞ ክንዱ ከመኪናው ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ማለዘቢያ ነው። የዚህ መኪና ቡሽ ሦስት አካል አለው። መሃል ላይ ብሎኑ የሚያልፍበት ወፍራም የብረት ቱቦ አለ፤ እሱን ላስቲክ ይከበዋል፤ ከላስቲኩ ውጭ ደግሞ ቀጭን የብረት ቅርፊት አለ። ፋብሪካው ላስቲኩን ከሁለቱም ብረቶች ጋር በሙቀትና በማጣበቂያ አዋህዶ ነው የሚያወጣው። ላስቲኩ ሲያረጅና ሲሰነጠቅ የመሃሉ ቱቦና የላስቲኩ ቁርጥራጭ በካቻቢቴ ተጎርጉሮ ይወጣል። ቅርፊቱ ግን ቀዳዳው ውስጥ እንደተወጠረ ይቀራል። ለዓመታት የተጠራቀመው ዝገት ከክንዱ ጋር ስለሚያጣብቀው፣ መልኩም ከክንዱ ስለማይለይ፣ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው የክንዱ አካል ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ አዲሱን ቡሽ ሙሉ ቀን ቢደበድቡት አይገባም፤ ሊገባም አይችልም።

ስለዚህ ክንዱን ብርሃን ወዳለበት ቦታ ይውሰዱና የቀዳዳውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ይፈግፍጉት። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ክቦች፣ በመካከላቸውም ቀጭን መስመር ካዩ ቅርፊቱ አልወጣም። መስመሩ ካልታየዎት ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ) ይዋሱና ይለኩ። በብረት ቅርፊት የሚሠራ አዲስ ቡሽ የውጭ ስፋቱ ከቀዳዳው የሚበልጠው በጥቂት የሚሊ ሜትር መቶኛዎች፣ ቢበዛ በ0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ መልሱን አግኝተዋል።

ቅርፊቱን ለማውጣት የብረት መጋዝ ምላጭ ከመያዣው ይፍቱ፣ በቀዳዳው ውስጥ ያሳልፉት፣ መልሰው ይሰሩትና ቅርፊቱን በርዝመቱ ይቁረጡት። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የሚቆረጠው ቅርፊቱ ብቻ ነው፤ መጋዙ የክንዱን ብረት መብላት ከጀመረ ያ ጭረት ነገ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ቅርፊቱ ሲበጠስ መጋዙ ድንገት ይላላል፣ የተቆረጠውም መስመር ይከፈታል። ያኔ በጠባብ መሮ አንዱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲያጥፉት ውጥረቱ ይለቅና ቅርፊቱ በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይብሉ።

ቅርፊቱ ወጥቶም ልዩነቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ የተሸጠልዎት ቡሽ የሌላ ክንድ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደው «የኮሮላ» ብለው ሲጠይቁ ለጃፓን፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩ መኪኖች ዕቃ ተደባልቆ ሊቀርብልዎት ይችላል። ስሙ አንድ ሆኖ ክንዱ ይለያያል። አሮጌውን ቅርፊት ይዘው ሄደው በካሊፐር አስለክተው ይግዙ። በመዶሻ የተመታውን አዲሱን ቡሽ በተመለከተ፣ የተጎዳው የጠርዙ ጫፍ ብቻ ከሆነ በሞረድ ተስተካክሎ ያገለግላል፤ ቅርፊቱ ክብነቱን አጥቶ ከሆነ ግን ይተዉት፣ ሌላ ይግዙ። ለክንዱ ሲባል የሚከፈል ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ምክር ልመለስ።

ቡሹን በሞረድ መቀነስ የተባለውን በጥብቅ እቃወማለሁ። ይህን ቡሽ ክንዱ ውስጥ የሚይዘው ብሎን የለም፣ ብየዳም የለም፤ የሚይዘው ጥበቱ ብቻ ነው። ያቺ ከሁለት ተራ የጽሕፈት ወረቀቶች ውፍረት የማትበልጥ ልዩነት ቅርፊቱን ዙሪያውን እኩል ትወጥረዋለች፤ ፍሬን ሲይዙ ጎማው ወደ ኋላ ሲገፋ ቅርፊቱ እንዳይንቀሳቀስ የምታደርገው እሷ ናት። በእጅ የተሞረደ ቅርፊት ዙሪያውን እኩል አይነካም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ይደገፋል። ሲገባ ደስ ይላል፣ መኪናውም ለጥቂት ሳምንታት ዝም ይላል። ከዚያ ቅርፊቱ በቀዳዳው ውስጥ መሽከርከር ይጀምራል፣ የክንዱን ብረት ይፈጫል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ያኔ ትክክለኛ ቡሽ ቢገዙም የሚይዘው ክንድ የለም። ሞረድ ትክክለኛ ሥራ አለው፦ ቀዳዳው አፍ ላይ መዶሻው የፈጠረውን ሻካራ ጠርዝ ማንሳትና ቡሹ በሚገባበት በኩል አፉን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሰያፍ ማድረግ። ይህን ያድርጉ፤ ብዙ ድካም ያቀልልዎታል።

ግራሶም አይሁን። የመኪና ቡሽ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ጎማ የበዛበት ነው፤ ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ከብረቱም መላቀቅ ይጀምራል። ቅርፊቱና ቀዳዳው መካከል የሚቀረው ግራሶ ደግሞ ያንን የምንፈልገውን መያዝ ይቀንሳል። ቀዳዳውን በሳሙና ውኃ እርጥብ ማድረግ ይበቃል፤ ሲገባ ያንሸራትታል፣ ከዚያ ደርቆ ይጠፋል። ግራሶውን በኋላ ለምገልጸው መጫኛ ዘንግ ጥርስ ያስቀምጡት፤ እዚያ በእውነት ያስፈልጋል።

እሳትን በተመለከተ፣ ጎረቤትዎ የያዘው ሐሳብ መሠረቱ ትክክል ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ችግሩ መጠኑ ነው። በጋዝ ነበልባል የሚሞቅ ክንድ በደቂቃዎች ውስጥ የሌላኛውን ቡሽ ላስቲክና የቦል ጆይንቱን (ክንዱ በጎማው በኩል የሚያያዝበትን መገጣጠሚያ) መሸፈኛ ያቃጥላል፤ ጭሱም ለሳንባ መርዝ ነው። ክንዱ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ መልኩ ሳይለወጥ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል። ነበልባል የማይፈልግ መንገድ አለ፦ የፈላ ውኃ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይበቃናል። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከአንድ ሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይሰፋል። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። አዲሱን ቡሽ በበኩሉ ሌሊቱን ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ካሳደሩት 0.02 የሚጠጋ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ቡሹ የሚበልጠው በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን የጥበቱን ግማሽ አነሱ ማለት ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ጨርቅ ጠምጥመው የፈላውን ውኃ ደጋግመው ያፍስሱበት፣ ቦል ጆይንቱ ግን እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ቡሹን ከበረዶ ቤት የሚያወጡት መጫኛው ሁሉ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀጭኑ ቅርፊት ሞቃቱን ብረት በነካ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቅዝቃዜው ይጠፋል። ደረቅ በረዶ የሚያገኝ ሰው ካለ አይጠቀምበት እላለሁ፤ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ የተፈጥሮ ጎማ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን ማገዣ ነው። ቡሽ በቤት ውስጥ የሚበላሸው በአብዛኛው ኃይል አንሶት አይደለም፤ ጠሞ ስለሚገባ ነው። መዶሻን የምጠላውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ምት የሚያርፈው በአንድ ወገን ነው፤ ቡሹ በዚያ ወገን ይሰምጣል፣ በሌላው ይነሣል። ጠርዙ የቀዳዳውን ግድግዳ መላጨት ይጀምራል። ያኔ ሰው «ጠበቀ» ብሎ ይበልጥ ይመታል። ጠሞ የቆመ ቡሽ ቀጥ ብሎ ከሚገባው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውን ሁሉ ቢሰጡትም የሚያገኙት የተበላሸ ክንድ ነው።

ቀጥ አድርጎ የሚያስገባው መጫኛ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። የሚያስፈልገው ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ሁለት ዳዶ፣ ወፋፍራም ሮንዴላዎችና ሁለት የቱቦ ቁራጮች ነው። አንደኛው ቁራጭ ተቀባይ ነው፤ ቡሹ በሚወጣበት በኩል ክንዱን ይደግፋል። የውስጥ ስፋቱ ከቡሹ ቅርፊት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል፣ ቡሹ በነፃነት ወደ ውስጡ እንዲያልፍ። ሁለተኛው ገፊ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ያርፋል። የመሃሉን ቱቦ ወይም ላስቲኩን ገፍተው ካስገቡት ቡሹ ይገባል፣ ላስቲኩ ግን ከብረቱ ይገነጠላል። ግንጠላው ከውጭ አይታይም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ማንኳኳት ሲመለስ ብቻ ነው የሚታወቀው። አዲስ ቡሽ ተቀይሮ ቶሎ ሲያልቅ ሰው ዕቃውን ይረግማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ሲገባ ነው የተገደለው።

የቱቦዎቹን ቁራጭ ምናለሽ ተራ ያገኛሉ። አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ ሁለቱንም ጫፎቻቸውን ቶርኖ ቤት ወስደው በትክክል ቀጥ ያስደርጓቸው። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ከአንድ ወገን በአንድ ሚሊ ሜትር ቢያጥር ዘንጉን ባጠበቁ ቁጥር ቡሹን ወደዚያ ያጋድለዋል። የመጫኛው ሁሉ ጥቅም በዚህ ላይ ነው ያለው።

ዘንጉ ደግሞ እንዲሁ ከሱቅ የተገዛ ለስላሳ ብረት አይሁን። ለትንሽ መኪና ቡሽ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቶን የሚደርስ ግፊት ሊያስፈልግ ይችላል። በየዕቃ ቤቱ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ተራ ዘንግ 2 ቶን አካባቢ ሲደርስ መሳሳብ ይጀምራል፤ ጥርሱ ይበላል ወይም ይበጠሳል። 16 ሚሊ ሜትር የሆነና 8.8 የሚል ጥንካሬ የተጻፈበት ከሆነ ከ9 ቶን በላይ ይችላል። ስለ ጉልበትዎም አይጨነቁ፤ 16 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ጥርሱ በግራሶ ተቀብቶ ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ 20 ኪሎ ግራም ያህል ቢገፉ 3 ቶን የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራሉ። ዘንጉ በመሃሉ ቱቦ ውስጥ ካላለፈ 14 ሚሊ ሜትር ይጠቀሙ፤ ከዚያ በታች አልመክርም። በአየር ወይም በኤሌክትሪክ የሚመታ መፍቻ አይጠቀሙ፣ በእጅ ብቻ ይሥሩ፤ እጅዎ የሚሰማውን ማሽኑ አይሰማም።

ከመጀመርዎ በፊት የሌላኛውን ጎን ክንድ፣ አሁንም መኪናው ላይ ያለውን፣ በደንብ አይተው ፎቶ ያንሱ። ቡሾች ሁሉ ዙሪያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በላስቲኩ ውስጥ ባዶ ክፍተት ያላቸው አሉ፤ ክፍተቱ የተሠራው ክንዱ በአንድ አቅጣጫ እንዲለዝብ፣ በሌላው እንዲጠነክር ነው። አዙረው ካስገቡት መኪናው ፍሬን ላይ ይንገዋለላል፣ ላስቲኩም ቶሎ ይቀደዳል። የክፍተቱን አቅጣጫ በክንዱ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ቡሹ ከንፈር ካለው ከየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ ከሌለው ደግሞ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ይለኩና ይጻፉ። የቀኙና የግራው ክንድ በመስታወት እንደሚታይ ተገላቢጦሽ ስለሆኑ ፎቶውን ሲያነቡ ያንን ያስቡ።

ክንዱን ሞርሳ ላይ ሲያስሩ በቀዳዳው ላይ ሳይሆን በሰውነቱ ይያዙት፤ ቀዳዳውን ከጨመቁት ክብነቱን ያጣል። ክንዱ ከሁለት የታጠፈ ላሜራ የተሠራና ቀዳዳው በሁለት ጆሮዎች የተያዘ ከሆነ ግፊቱ ጆሮዎቹን እንዳያጣብቃቸው በመካከላቸው ልክ የሆነ ብረት ያስገቡ።

ቡሹን በሰያፉ አፍ ላይ ያስቀምጡ፣ ዘንጉን በእጅ እስኪይዝ ድረስ ያጥብቁ፣ ከዚያ ያቁሙ። ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) አምጥተው በአራት ቦታ ይለኩ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሚሊ ሜትሮች የቀሩትን ሁሉ ይወስናሉ። ሩብ ዙር ያዙሩ፣ ይለኩ፤ እንደገና ሩብ ዙር ያዙሩ፣ ይለኩ። ትንሽ ካዘነበለ ዘንጉን አላልተው ገፊውን ያስተካክሉና ከፍ ባለው ወገን ብቻ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱ። ብዙ ካዘነበለ አያቅኑት፤ መጫኛውን ገልብጠው ያውጡትና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በኋላ ቀዳዳው ራሱ ይመራዋል። ድምፁም ይነግርዎታል፦ ቀጥ ብሎ የሚገባ ቡሽ በአጫጭር ጥርቅታ እየዘለለ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ ቁልፉ ብቻ እየከበደ ከሄደ ያቁሙና ይመልከቱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በዘንጉ ጫፍ ትይዩ አይቁሙ፣ መነጽር ያድርጉ።

ሰዎች መኪናውን በክሪክ አንሥተው በራሱ ክብደት ቡሽ ሲጭኑ አያለሁ። አታድርጉ። ክሪክ እንዲያዘነብልና እንዲያመልጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። በነገራችን ላይ መኪናው አሁን በምን ላይ እንደቆመ አልነገሩኝም። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ ከሆነ ከሥሩ ሳይገቡ ዛሬውኑ በብረት ማቆሚያ እግር ይተኩት። ብሎኬት ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

መጫኛ መሥራት ካልፈለጉ ክንዱንና ቡሹን ብቻ ይዘው ሃይድሮሊክ መጫኛ ያለው ጋራዥ ይሂዱ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ግን አጠገቡ ይቁሙና ገፊው በቅርፊቱ ላይ ማረፉን፣ የክፍተቱም አቅጣጫ ከምልክቱ ጋር መግጠሙን በዓይንዎ ይዩ። መጫኛው በብዙ ቶን ስለሚገፋ ጠሞ የሚገባን ቡሽም ያለ ተቃውሞ ያስገባዋል፤ እርስዎ ካላዩት ማንም አያየውም።

ክንዱን ወደ መኪናው ሲመልሱ የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ በደህና የገባን ቡሽ የሚገድለው እሱ ነው። የላስቲክ ቡሽ አይሽከረከርም። ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የመሃሉ ቱቦ በብሎኑ ተጨምቆ ይቆማል፣ ቅርፊቱ ከክንዱ ጋር ይዞራል፣ በመካከል ያለው ላስቲክ ይጠመዘዛል። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ካጠበቁት መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ቆሞም ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በዚያ ላይ ይጨምርበታል። ስለዚህ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ ይያዙ። መኪናው ማቆሚያው ላይ እንዳለ በሌላ ክሪክ ክንዱን ከቦል ጆይንቱ ሥር ቀስ ብለው ያንሡ፣ መኪናው ከማቆሚያው ሊነሣ ሲል ያቁሙ። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን የወዲያኛውን ጎን በደልዳላ መሬት ላይ ሳለ ከጎማው መሃል በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክተው እዚህም እሱ ላይ ያድርሱት። የመጨረሻው ጥበቃ ያኔ ነው፤ መጠኑም ለመኪናው በተጻፈው መመሪያ መሠረት በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)። አላልተው የፈቷቸውን ራስ አጥባቂ ዳዶዎች በአዲስ ይተኩ።

ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ጠንካራ ቡሽ ቢያቀርቡልዎ ለዚህ መኪና አልመርጠውም። በእጅ ይገባል፣ ሲጠብቅም የቁመቱ ነገር አያሳስብም፤ ግን በሲሊኮን ግራሶ እየታደሰ የሚኖር ነው፣ አቧራ ሲገባበት ይጮኻል፣ የኮብልስቶኑንም ንዝረት በቀጥታ ወደ መሪዎ ያደርሰዋል።

ሁለቱንም ጎን አብረው ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ የፍሬኑ መጎተት ላይጠፋ ይችላል። ከዚያ ጎማዎቹ ከመበላታቸው በፊት አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስደርጉ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ መኪናው በአራቱም ጎማ ቆሞ ሳለ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይፈትሹ፤ የቡሹ ቅርፊት ከቀዳዳው አፍ ጋር በቀለም ምልክት ካደረጉበት ቦታ አለመንቀሳቀሱንም ይዩ። ከተንቀሳቀሰ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፤ በብየዳም በማጣበቂያም አይጠገንም፣ ክንዱ ራሱ መቀየር አለበት።